የምታስለቅሰዋ ልጅ

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ዳንግላ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው አልነበረም ብል አላጋነንኩም። አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ምሳውን ይዤለት ስሄድ ችሎቱ በር ላይ ቆሜ ባለጉዳዮቹን አያለሁ። ጋቢውን አደግድጎ ጎንበስ ቀና የሚለውን፣ ምስክር ሆኖ መጥቶ የመጣበትን የሚረሳውን፣ ዳኛው ሳይጠይቋት የምትመልሰዋን ሴትዮ ሁሉ በዓይኔ ሰብስቤ ወደ ቤት እመለስና ለእናቴ እያስመሰልኩ አሳያታለሁ። እናቴ የእንጅባራ ገበሬ ልጅ ናት። ስትስቅ አማርኛው ይጠፋባትና በአገውኛ ትረግመኛለች፤ እርግማኑ ምርቃት ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን እሱኑ ራሱን ስቀዳው ያዘኝ። መታኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለወላጆች በዓል መድረክ ላይ አወጣኝ። ከክፍላችን አንድ የባለጋሪ ልጅ ነበር፣ ፊቱ ጨርሶ የማይስቅ። እሱ ደንቆሮ ባል፣ እኔ ነዝናዛ ሚስት ሆንን። ማንም አልጻፈልንም፤ ራሳችን ነን የፈጠርነው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬው ጠፋ!» እላለሁ።

«በርበሬው? ጓዳ ነው» ይላል።

ሰዉ በሳቅ ይወድቃል። በየዓመቱ እንጨምርበት ነበር። ለዘውድ በዓል፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ፣ እንግዳ ሲመጣ እኛ ነን የምንጠራው። የልጁ አባት በጋሪው ጭኖን ግምጃ ቤት ከተማና እንጅባራ ድረስ ወስዶናል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «የደንቆሮው ሚስት መጣች» እያሉ ቆሎ ያዘግኑኛል። በሰው ፊት እንደልቤ መኖር ማለት ለእኔ ያ ነበር። መንገድ ላይ ሰው አይቶኝ ካልሳቀ የታመምኩ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት አስተማሪ ተመድቦ መጣ። ቀልድ አይወድም። «ቴያትር ማለት ደንቆሮና ነዝናዛ አይደለም» አለና ራሱ የጻፈውን አንድ ድርሰት አወጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ደሃ እናት በሰው ቤት እየፈጨች ልጇን ታስተምራለች። ልጁ ተምሮ፣ ሹመት አግኝቶ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። ጓደኞቹ «ይቺ ማን ናት?» ሲሉት ያፍርና «ሠራተኛችን ናት» ይላል። እናትየዋም «አዎ ጌቶቼ፣ ሠራተኛቸው ነኝ» ትላለች።

የልጅየው ቦታ ለባሌ፣ ማለት ለባለጋሪው ልጅ ተሰጠ። ድምፁ ወፍሮ፣ ቁመቱ ረዝሞ ነበር። እናትየዋ እኔ ነኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም። አስተማሪው ግን የድሬሰሩን ልጅ ጠራ።

አባቷ ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል የሚያሽግና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። አንድም ቀን ሰው ፊት ቆማ አታውቅም።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አልኩት፣ ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ።

«አንቺ ገና ብቅ ስትዪ ሰው ይስቃል። አፍሽን ሳትከፍቺ። እኔ ደግሞ ሰው እንዲያለቅስ ነው የምፈልገው።»

«ማስለቀስም እችላለሁ እኮ!»

ሳቀ። እሱም ሳቀ። ቀልድ የማይወደው ሰውዬ።

እንዳይከፋኝ ብሎ ይመስለኛል፣ ጽሑፉን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ እንድቆም፣ መስመር የረሳ ሲኖር በሹክሹክታ እንዳስታውስ አደረገኝ። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ቆሜ አያታለሁ። ቅናት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅኩ። አካሄዷን ጠላሁት። ውኃ ስትጠጣ ኩባያውን በሁለት እጇ መያዟ ያናድደኝ ነበር። ነጠላዋ ንጹሕ መሆኑ ያናድደኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ለልጃገረዶቹ አነጋገሯን እየቀዳሁ አስቃቸዋለሁ። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ በማግስቱ ግን ተመልሰው እሷ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ከሁሉ የባሰብኝ የባለጋሪው ልጅ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ሆነን ስንጣላ የኖርን ሰዎች፣ አሁን ከእሷ ጋር ሲለማመድ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ለእኔ አንድም ቀን አላለቀሰልኝም። ቤት ገብቼ ጓዳ ውስጥ የእሷን ቃል በሙሉ እላለሁ፤ ከእሷ እንደምበልጥ እርግጠኛ ነበርኩ።

የበዓሉ ቀን መጋረጃው ሁለት የአቡጀዲ አንሶላ ነበር፤ በሚስማር በተወጠረ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አውራጃ ገዥው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ በስተግራ በኩል ጽሑፉን ይዤ ቆምኩ። ልጅየው «ሠራተኛችን ናት» አለ። አሁን የእሷ ተራ ነው። ዝም አለች። ቀና ብላ ወደ እኔ አቅጣጫ አየች። ዓይን ለዓይን ተያየን።

መስመሩ እጄ ላይ ነው። በቃሌም አውቀዋለሁ። በሹክሹክታ «አዎ ጌቶቼ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ከንፈሬን ነክሼ ወረቀቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ትዋረድ አልኩ በሆዴ። ትዋረድና ነገ ከነገ ወዲያ እኔን ይለምኑኛል።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ልጇን አየችው። አንድ እጇን ቀስ አድርጋ የቀሚሷ ጨርቅ ላይ ጠረገች፣ ዱቄት እንደሚያራግፍ ሰው። ከዚያ ሌላ ምንም አላደረገችም። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «እኔን!» ስትል ሰማሁ። ወዲያው ከዚህም ከዚያም መነፋረቅ ተጀመረ። እሷ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ በማያልፍ ዓይነት «አዎ ጌቶቼ፣ ሠራተኛቸው ነኝ» አለች። አውራጃ ገዥው መሐረባቸውን ሲያወጡ በዓይኔ አየሁ። እናቴም ታለቅስ ነበር። የእኔ እናት!

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ክፋቴ ነው ያስከበራት ብዬ አሰብኩ፤ ብናገርላት ኖሮ ቶሎ ብላ ታልፈው ነበር። በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ከክሊኒኩ ጓሮ ማሰሪያ ጨርቅ አጥባ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ያን ቀን ሳላስታውስሽ የቀረሁት ሆን ብዬ ነው» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

ጨርቁን አንጠልጥላ አየችኝ። «ምኑን ነው የምታስታውሺኝ?»

«መስመሩን ነዋ። ረስተሽው ወደ እኔ ስታዪ።»

«አልረሳሁትም» አለች። «ለመናገር አላስቻለኝም እንጂ። ልጇ እንደዚያ ሲላት ወዲያው እንዴት ትመልሳለች? አንቺን ያየሁሽ ደግሞ ወደ በሩ ሳይ ነው። በሩ በአንቺ በኩል ነበር። ሸሽታ የምትወጣ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ ዛሬም መናገር ይከብደኛል። በደሌ እንኳ አልደረሰባትም። ያ ዝምታ የራሷ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ከበፊቱ የባሰ ቀንቼባት ተመለስኩ።

ከሁለት ወር በኋላ አባቷ ወደ መተከል ተዛወረ። የጭነት መኪና ላይ ዕቃቸው ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። እጇን አወዛወዘችልኝ፤ አወዛወዝኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

ቴያትሩ እንጅባራ እንዲታይ ቀድሞ ቃል ተገብቶ ስለነበር አስተማሪው ወዶ ሳይሆን ቸግሮት እናትየዋን ለእኔ ሰጠኝ። ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ሣሩ ላይ፣ በቀን ነው ያሳየነው። ብቅ ከማለቴ አንዱ «የደንቆሮው ሚስት!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ተናገርኩ፣ ሳቁ። አጎነበስኩ፣ ሳቁ። ዝም አልኩ፣ ልክ እሷ እንዳደረገችው ዝም አልኩ፣ አንድ ሽማግሌ «አሁን ደግሞ እሷ ደነቆረች» አሉና ሳቁ አዲስ ተነሣ። የባለጋሪው ልጅ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ቀጥዪ» አለኝ። ቀጠልኩ። ስጨርስ ጭብጨባው ዳንግላ ከነበረው ይበልጥ ነበር። ጋሪው ላይ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ እስከ ዳንግላ አለቀስኩ።

በኋላ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩና አንድ ቴያትር ቤት ልፈተን ገባሁ። «ምን ትችያለሽ?» ሲሉኝ የዳንግላን ባለጉዳዮች አሳየኋቸው። በዚያው ቀን ቀጠሩኝ። አባቴ ልጄ አዝማሪ ሆነች ብሎ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አልጻፈልኝም። እኔን ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወሬኛ ጎረቤት፣ አፈኛ የቤት ሠራተኛ፣ ጠጅ ሻጭ እየሆንኩ ወጣሁ ገባሁ። እየሳቁ ያጨበጭቡልኛል፤ ዋናዋ ተዋናይት መጥታ ስታለቅስ ግን ሰው ትንፋሹን ይውጣል። እኔ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አያታለሁ። እንደገና መጋረጃ ጥግ!

ያቺ ተዋናይት አግብታ ሥራዋን ስትለቅ አዘጋጁ ዘንድ ገባሁ። በአዲሱ ቴያትር ባሏ የሚሞትባት ሴት ነበረች።

«ይቺን ስጡኝ።»

«እህቴ፣ ሰዉ ይስቅብሻል።»

«አውቃለሁ፤ ያ ነገር ገና ድሮ ደርሶብኛል» አልኩና የእንጅባራውን ነገርኳቸው። «መጀመሪያ ላይ ይሳቁ። ሴትዮዋ ቀልደኛ ትሁን። ባሏን የምታስቅ። መርዶው ሲመጣ እየሳቁ ይድረስባቸው።»

እርሳሳቸውን ጥርሳቸው ላይ አንኳኩና «እንሞክረው» አሉ።

እሑድ ከሰዓት ተከፈተ። ገና ብቅ ስል ሳቁ፤ እንዲስቁ አደረግኳቸው። መርዶ ነጋሪው ሲገባም ጥቂት ሰዎች ይስቁ ነበር፣ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ያን ጊዜ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። የእኔ አልነበረም፤ ከድሬሰሩ ልጅ የሰረቅኩት ነው። ሰዉ አለቀሰ። ጋዜጣም ጻፈልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ትልልቅ ቦታዎች ይሰጡኝ ጀመር። እኔ ግን ያን ቀን ለጭብጨባው ሳጎነብስ የማስበው እሷ የት እንዳለች፣ ይህን ብታይ ምን እንደምትል ነበር። መተከል ውስጥ አስተማሪ ሆናለች፣ መድረክ የሚባል ነገር ወጥታም አታውቅም ሲሉ ሰምቻለሁ። መተው በመቻሏም ቀናሁባት።

በዚያ ዓመት እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጣችና ወስጄ ቴያትሩን አሳየኋት። በዚሁ ቴያትር የድሮ ቦታዬን፣ ወሬኛዋን ጎረቤት፣ አንዲት አዲስ አጭር ልጅ ነበረች የምትጫወተው። ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ ፊቴን አየችው።

«አንች፣ ለምን ነው እንዲያ የምታለቅሽ? ቤትሽ ሰላም አይደለም?»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ እናቴ።»

«እሱስ ነው። ግን ያች አጭሯ! ያች ወሬኛዋ! ኧረ እንዴት ያለች ልጅ ናት! የማን ልጅ ናት? እናቷ ታድላ።»

እስከ አውቶቡሱ ድረስ ስለእሷ አወራች። ልጅቷ እንዴት እንደምትራመድ እየቀዳች አሳየችኝ፣ መንገድ ላይ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ። እኔ «እውነትሽን ነው፣ ጎበዝ ናት» እያልኩ ከጎኗ ሄድኩ። ሰኞ ልምምድ ላይ ያቺ ልጅ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» ስትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኳት።