የዮሴፍ አባት ማነው?

አባዬ ኮፈን ሳይከፍት የማያምን ሰው ነው። መካኒክ ነዋ! ደንበኛ መጥቶ «ካምቢዮው ነው የተበላሸው» ሲለው «እስቲ እናያለን» ይላል። «ሌላ ጋራዥ አይተውልኝ ነበር» ሲለው ደግሞ «እነሱ ያዩትን እነሱ አይተዋል» ይላል። እግዚአብሔርንም የያዘው እንደዚያው ነው። እሑድ እሑድ እናቴና እኔ ጎተራ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ለባብሰን ስንወጣ እሱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ» ብሎ ይሸኘናል። እናቴ ድሮ ትቆጣ ነበር። አሁን «እሺ፣ እናደርሳለን» ብላ ቦርሳዋን ታነሳለች።

እኔ ግን ዘንድሮ በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። ልጠመቅ ነዋ! ማለቴ፣ የውሃ ጥምቀት። በእኛ ቤተክርስቲያን ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ ተምሮ፣ በራሱ አፍ «አምናለሁ» ሲል ነው። ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ ነጩ ልብስ ተለክቶልኛል፣ ቀኑ ተቆርጧል። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬ ቆሞ እንዲያየኝ። ሌላ ዘመድ ባይመጣ ግድ የለኝም። እሱ ካልመጣ ግን ከውሃው ስወጣ ዓይኔ ማንን ፈልጎ እንደሚያጣ አውቀዋለሁ።

ጋራዡ ድሮ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቂርቆስ ወረደና አሁን አንድ ግቢ ውስጥ ከመለዋወጫ ሱቅ ጎን ነው። ሱቁ የሐጂ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ካዛንቺስም ጎረቤቱ ነበሩ። አባዬ «ተከትለውኝ መጡ» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ «ያለ እኔ አንድ ብሎን አያስርም፣ አዝኜለት ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በደምበል በኩል አድርጌ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ድፍረቴን ሰብስቤ ጠየቅኩት። መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ፊቱን ባላይ ይሻላል ብዬ ነው።

«አባዬ፣ ስጠመቅ ትመጣለህ?»

ቁልፉ መንኳኳቱን አቆመ። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ እግሩ። «ከድሮ ጀምሮ የከነከነኝ ነው። መልሺልኝና እመጣለሁ። ሱፌን ለብሼ!»

አባዬ ሱፍ የለበሰው ለሠርጉ ብቻ ነው። ልቤ ዘለለች። «የቃየን ሚስት ከሆነች ተዘጋጅቻለሁ» አልኩት።

«እሷንማ እህቱን አገባ ብለሽ ትገላገያለሽ።»

«ሰባት ቤት ሳይቆጥር?» አሉ ሐጂ ከሱቃቸው።

«ሐጂ፣ ያኔ እኮ የሚቆጠር ሰባት ቤት ገና አልነበረም!» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

አባዬ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። «የዮሴፍ አባት ማነው? የማርያም እጮኛ፣ አናጺው። ማቴዎስ ያዕቆብ ነው ይላል፤ ሉቃስ ኤሊ ነው ይላል። ሁለት ሰዎች ስለ ማርያም ልጅ ሊጽፉ ተቀምጠው በአያቱ ካልተስማሙ እኔ ምናቸውን ልመን? አንድ መኪና ሁለት ሊብሬ ይዞ ቢመጣ፣ ሐጂ፣ እርስዎ ይገዛሉ?»

«ወላሂ ፖሊስ ነው የምጠራው» አሉ ሐጂ።

ስልኬን አውጥቼ ሁለቱንም አነበብኩ። ልክ ነው! እንደዚያ ነው የሚለው። መደንገጥ ነበረብኝ፤ ግን ሌላ ነገር ነው ያስደነቀኝ። አባዬ አንብቦታል! በረንዳ ላይ ሆኖ የሚሸኘን ሰው፣ እኔ እንኳ ስም ሲበዛብኝ የምዘለውን የትውልድ ዝርዝር አንድ በአንድ አይቶታል። የማያምን ሰው እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?

ሳምንቱን ሙሉ መልስ ስለቅም ከረምኩ። የሚያስተምረንን ወንድም ጠየቅኩ፣ ቴሌግራም ላይ ፈለግኩ። አንዳንዶች የሉቃሱ ዝርዝር የማርያም ወገን ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በአይሁድ ሕግ ሰው ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ይወልድለታል፤ ልጁም በሟቹ ስም ይጠራል፤ የዮሴፍም እንደዚያ ይሆናል ይላሉ። ቅዳሜ ምሳውን አስቀምጬ ቆሜ አነበብኩለት፤ እየተንተባተብኩ፣ ግማሹን ቃል ራሴም ሳይገባኝ።

አባዬ እስክጨርስ ታገሰኝ። «ይኼን ማን መለሰው?»

«እኔ።»

«ስልክሽ ነው የመለሰው። በይ እሱ ይጠመቃ!»

ሐጂ ሊስቁ ብለው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «አብሽሪ የኔ ልጅ። አንተ ደግሞ ልጅቷን ምን ታደርቃታለህ?»

«አላደረቅኳትም። ይሆናል ማለትና ነው ማለት ይለያያል፤ እኔ ይሆናልን ለደንበኛ አልሸጥም።» ወደኔ ዞረ፤ ድምፁ ለስለስ አለ። «ሰው አባቱ አንድ ነው፣ የኔ እናት። በቃ።»

እስከ ጎተራ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

ከጥምቀቱ በፊት የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ምሳውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። አባዬ ሁለት እጁ በግራሶ ተለውሷል። ስልኩ ጮኸ።

«አንሺልኝ፣ ላውድ አድርጊው።»

አክስቴ ናት፤ የአባዬ እህት፣ ከአገር ቤት። የእሷ ድምፅ ላውድም አያስፈልገውም። «አንተ የእገሌ ልጅ! ጠፋህሳ!» አለች፤ የወለደውን አባቱን ስም ጠርታ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራው። ልክ በዚያው ሰዓት ዕቃ ያመጣ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ከካርቶኑ ላይ የአባዬን ሙሉ ስም እያነበበ ተጣራ። ከአባዬ ስም ቀጥሎ ያለው ግን ሌላ ስም ነበር።

አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ካርቶኑን አየሁ።

ይህ በቤታችን ምስጢር አይደለም፤ ከመለመዱ የተነሳ አይታየንም እንጂ። አባዬ ትንሽ ልጅ ሳለ አጎቱ ሊያስተምረው ከአገር ቤት ወደ ቂርቆስ አመጣው። ትምህርት ቤትም በራሱ ስም አስመዘገበው። መታወቂያው ላይ ያለው አባት ያ አጎት ነው። የእኔም አያት ሆኖ የተጻፈው እሱ ነው፤ አያቴ እያልኩ ያደግኩትም እሱን ነው። አገር ቤት ስንሄድ ግን አባዬ የሌላ ሰው ልጅ ነው!

«አባዬ!» ጮህኩ። «ያንተ አባት ማነው?»

«ምን?»

«አክስቴ የጠራችው ነው ወይስ ሰውዬው ያነበበው?»

«የወለደኝማ...» ብሎ ቆመ። «ያሳደገኝ ደግሞ...»

«የትኛው ነው ውሸቱ?»

«ማናቸውም ውሸት አይደሉም!» አለ፣ ተቆጥቶ ማለት ይቻላል።

«ምንድነው? ማን ሞተ?» አለች አክስቴ ከስልኩ ውስጥ።

ሐጂ ሱቃቸውን ጥለው ወጡ። «ሁለት ሊብሬ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። «ባለ ሁለት ሊብሬው ይኸው ቆሟል! ተበላህ! ተበላህ ዛሬ!»

እኔ ማቆም አልቻልኩም። «አክስቴ ስላንተ ብትጽፍ አንድ አባት ትጽፋለች፤ የቂርቆስ ሰው ቢጽፍ ሌላ ይጽፋል። ሁለቱም አይዋሹም። ዮሴፍ የግድ እንዳንተ ነበር አላልኩም፣ እሱን አላውቅም። ግን ሁለት አባት ያለው ሰው አለ። ግራሶ በግራሶ ሆኖ ፊቴ ቆሟል!»

አባዬ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አክስቴን «ደህና ነን፣ እደውላለሁ» አላትና ዘጋሁት። 

«የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ የአባት ስም ስትል አጎቴ የራሱን ነገራት» አለ አባዬ። «አይደለም ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ስንወጣ ምን አለኝ መሰለሽ? ስምህን አልወሰድኩብህም፣ ጨመርኩልህ።» ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «አያትሽ እንደዚያ ነበር።»

ከዚያ ተነሣ። «ይኼ ግን መጽሐፉ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም።»

«አላልኩም።»

«ሌላም ጥያቄ አለኝ።»

«ሞልቶሃል። ከነገ በኋላ።»

እሑድ ጠዋት አባዬ ቤት አልነበረም። የሠርጉ ሱፍ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ተተርትሯል። እናቴ አየችው፣ እኔም አየሁት፤ ቦርሳዋን አነሳችና ወጣን።

የማጥመቂያው ገንዳ የቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት እያንዳንዳችን ማይክ ይዘን ስማችንን እስከ አያት እንናገራለን። ተራዬ ሲደርስ ሕዝቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ። የለም። ማይኩን ተቀበልኩ። ያኔ በሩ ጋ አንድ ኮት አየሁ። የሐጂ ኮት! በዒድ የሚለብሱት፣ ግራጫው። እጅጌው አጥሮ የአባዬ የእጅ አንጓ ከነግራሶው ወጥቷል።

ስሜን ተናገርኩ፣ የአባዬን ተናገርኩ፣ ያሳደገውን አያቴን ተናገርኩ። ከዚያ የወለደውንም ጨመርኩ።

የሚያጠምቀው ወንድም ፈገግ አለ። «አያትሽ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም!»

ሰው ሳቀ። ከበሩ በኩል ግን፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ሰው፣ ስለ መኪና ለደንበኛ እንደሚመሰክር ጮክ ብሎ «ልክ ናት! ሁለቱም ናቸው!» አለ።

ውሃው በረዶ ነበር። ወጥቼ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ያንን አጭር እጅጌ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ያጨበጭባል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መሃላችን ተቀምጦ «ቆይ፣ ኖኅ ያን ሁሉ እንስሳ ምን አበላው?» ብሎ ጀመረ። እናቴ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ሰላም አልከው ታዲያ?» አለችው።

«ገና ኮፈን መክፈቴ ነው» አለ አባዬ። «አታጣድፉኝ።»