የሰባት ሰዓቱ ጥሪ

ዲላ ስልክ ቤት ጥሪ አድራሽ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት የቆዳ ቦርሳ፣ የጥሪ ደብተርና ፍሬን የሌለው ብስክሌት ተረከብኩ። ሞባይል ገና አልመጣም። ከአዲስ አበባ ሆኖ ዲላ ያለ ዘመዱን ማነጋገር የፈለገ ሰው ስምና ሰዓት ያስይዛል። እኔ ወረቀቱን ይዤ ተጠሪውን ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠራለሁ፤ እሱም በሰዓቱ መጥቶ ይጠብቃል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ኃላፊያችን ግን ያቃጥለኝ ነበር። ወረቀት ጠዋት ቢመጣም «ለአንድ ጥሪ አትወጣም፤ ሲጠራቀም ትሄዳለህ» ይለኛል። «ከተማዋ እንደሆነች መዳፍ አታክልም!» እሱ የሚያውቀው ከቤቱ እስከ ቢሮው ያለውን አስፋልት ብቻ ነው።

አንድ ቀን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ወረቀት ሰጠኝ። አንደኛው «ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ከልጃቸው፣ ሰባት ሰዓት። ዛሬ ከአገር ይወጣል» ይላል።

ሦስቱን አድርሼ ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። ወርቅነሽ የሚባል ሰው አናውቅም አሉኝ። እዚያ ሰፈር እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ «ከልጃቸው» ብሎ የልጁን ስም ትቶታል። ስንት ቤት አንኳኳሁ! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «የታምራት እናት ትሆን?» አሉኝ።

ጓሯቸው እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ወርቅነሽ እኔ ነኝ» አሉ ተገርመው። «ያን ስም ማን ነገረህ?»

«እማማ፣ ልጅዎ ሊደውል ነው፤ ይነሱ!»

«እጄን ልታጠብ?»

«አይታጠቡ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እናቴን በሚያክሉ ሴት ላይ በመጮኼ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከኋላዬ ጭኜ ቁልቁለቱን በጫማዬ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ። ስንደርስ ሰባት ከአሥር ሆኗል። ኦፕሬተሯ «ጠብቆ ጠብቆ ዘጋ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደ ነው» አለች።

«መልሰሽ ጥሪልኝ» አሏት እማማ ወርቅነሽ።

«የደወለው ከሕዝብ ስልክ ነው፣ እማማ።»

እንሰቱ እጃቸው ላይ እንደደረቀ ስልኩን ያዩታል። ኃላፊው ደብተሩን ሳበና በስማቸው ትይዩ «አልተገኙም» ብሎ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ ይኸው ቆመው የለም እንዴ!» አልኩት።

«በሰባት ሰዓት ነበሩ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እሱ ቢቆጣም ባይቆጣም ወረቀቱ እንደመጣ እወጣ ነበር። ለሰው ሰዓት የሚቆርጥ ሁሉ መጀመሪያ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ይየው።