ለሽርሽር ስነሣ ያለቀሱልኝ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ለንደን፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ ሳሽግ ነው። ዶሮና ሩዙን የማሽገው እኔ፣ ባሕሩ ጋ የሚደርሰው ሌላ ሰው። ጡረታ ስወጣ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ሁለት ወር ፖርቱጋልና ስፔን፣ ብቻዬን።

«ብቻዬን» የምትለዋን ቃል ባልጨምር ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚጓዘው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለክርስትና ወይ ለጠበል ነው። አገር ቤት እንኳ ቢሄድ የሰው ዕቃ ተሸክሞ ነው እንጂ ዝም ብሎ ደስ እንዲለው ብሎ የሚሄድ የለም።

መጀመሪያ የነገርኳት ጓደኛዬን ነው። ሼፈርድስ ቡሽ ነው የምትኖረው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከጎኔ ቆማ ስታሽግ የኖረች፣ እኔ ስታመም ከእኔ በፊት የምታስነጥስ ሴት ናት።

«ማን አለሽ እዚያ?» አለችኝ።

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ ማን ይቀበልሻል?»

«ሆቴሉ።»

«ሆቴል ዘመድ ነው?»

ልጄ ደግሞ በስልክ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ግሩፕ ቱር አለ እኮ!» አለችኝ። እሷ በሃያ ዓመቷ ቦርሳዋን በጀርባዋ አንጠልጥላ ታይላንድ ስትሄድ አንዴ ብቻ ነው የደወለችልኝ፤ ያውም ቻርጀሯ ጠፍቶባት። ይህን ሳስታውሳት «ያኔ ወጣት ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያ መጥታ ስልኬ ላይ ያለሁበትን ቦታ የሚያሳያትን ነገር ከፈተችልኝ፣ ላም ላይ ቃጭል እንደማሰር።

እኔ በምኖርበት ኬኒንግተን፣ እኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ቋንቋቸው ከንጉሡ ጊዜ ወዲህ ያልተነካ ሰው ናቸው። እሳቸው እንኳ ሲሰሙ «ልጄ፣ ለየትኛው ገዳም ነው የተሳልሽው?» አሉኝ።

«ገዳም አይደለም አባባ፣ ባሕር ዳር ነው።»

«እህ! አገር ቤት ነዋ! ጣናን ሳሚልኝ።»

ላርማቸው ብዬ ነበር። ግን ካወቅኋቸው ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አላየሁም፤ ተውኩት።

ዝግጅቴን ጀመርኩ። ጸጉሬን ባሕር ውስጥ እንዳያስቸግረኝ አሳጥሬ ተቆረጥኩ። ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ዓመታት ያልለበስኳቸውን ካፖርቶች ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ጆሮዬን ኩክ ደፍኖት ስለነበር፣ አውሮፕላን ላይ እንዳያመኝ ሆስፒታል ሄጄ አስጠረግሁ። እንዳጋጣሚ ስወጣ ጓደኛዬ በአውቶቡስ መስኮት አይታኛለች። እኔ ግን አላየኋትም።

ልሄድ ስል እሑድ ከሰዓት በኋላ የማኅበራችን ሴቶች ድስት ድስታቸውን ይዘው መጡ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ ለካ ለሽርሽርም ይሸኛሉ ብዬ። ግን ሲስሙኝ አይለቁኝም። አንዷ አናቴን እየዳበሰች «ይበቅላል፣ አይዞሽ» ትላለች። ሌላዋ ትዳር ከያዝኩ ጀምሮ የተቀየመችኝ ናት፤ «ይቅር በዪኝ፣ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሣኋት። ይቅርታው ለምን እንደሆነ ልጠይቃት ስል ጓደኛዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች።

«ሁለት ወር እኮ ነው!» አልኩ።

«እሱ ያውቃል» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

እኔ ወደ ሊዝበን በረርኩ።

ደስታዬን ልናገር አልችልም። ብቻዬን እነሣለሁ፣ ዳቦና ቡና ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ቀጥዬ ወዴት እንደምሄድ የሚጠይቀኝ የለም። የመጀመሪያ ቀን አስተናጋጁ ሁለት ሹካ ሲያስቀምጥ አንዱን አንሥቼ መለስኩለት፤ ሹመት የተቀበልኩ ነው የመሰለኝ። በሰው ማእድ ላይ ስንት ዘመን «ብዪ፣ ብዪ» ስባል ኖሬ፣ ዓሣ እየበሉ ዝም ማለት እንዴት ይጣፍጣል! ከዚያ በባቡር ወደ ደቡብ ወርጄ አንዲት ትንሽ የባሕር ከተማ ገባሁ። እዚያ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት በጀርባ መንሳፈፍ አስተማረችኝ። ዋናው ነገር፣ አለችኝ፣ ምንም አለማድረግ ነው። እኔ በሕይወቴ ምንም ያላደረግሁበት ቀን ስላልነበረ ለመማር ጊዜ ፈጀብኝ።

አንድ ጠዋት እጆቼን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሆኖ ተንሳፍፌ ነበር። ምንም አይሰማም። በድንገት አንድ ጎረምሳ ብብቴ ሥር ገብቶ አንገቴን ይዞ ይጎትተኝ ጀመር። ታገልኩት። እሱም ታገለኝ። የባሕር ጠባቂው ኖሯል። አሸዋው ላይ ሲያስተኛኝ ከጭንቅላቴ በላይ ነጠላ ለብሳ፣ ጥቁር ጫማዋን እንዳደረገች፣ ደረቷን የምትደቃ ሴት አየሁ። ጓደኛዬ ናት።

«ወይኔ እህቴን! ዘግይቼ ደረስኩ! አለቀች!»

ያሳለኝን ውኃ ተፍቼ «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

ጩኸቷ ቆመ። «በሕይወት አለሽ እንዴ?»

«ምን ልሁን ታዲያ?»

«ብቻሽን እንዳትሞቺ ብዬ መጣኋ! የሆቴሉን አድራሻ ልጅሽ ሰጠችኝ፤ ሰርፕራይዝ ነው ብያት። የሆቴሉ ሰዎች ደግሞ ባሕሩ ጋ ናት ቢሉኝ… እንደ ሬሳ ተንሳፍፈሽ! ጮኬ ጠባቂውን ጠራሁት!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁሉንም አውቃለሁ። ጸጉርሽን፣ ልብሱን ማደልሽን። ከሆስፒታል ስትወጪም አይቼሻለሁ። ያ ክፉ በሽታ ነው።»

የሴቶቹ እንባ የገባኝ ያኔ ነው። ውኃዬ እየተንጠባጠበ «ኩክ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«የጆሮ ኩክ። አስጠረግሁት።»

ፊቷን አየሁት። ደስታ የማይበት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ተዘረፈ ሰው ሆነች። «ለኩክ ነው እኔ ጾም የያዝኩት? ለኩክ ነው ማኅበሩ ሁሉ ሲሰግድ የሰነበተው?»

ጥቂት ቀን አብራኝ ሰነበተች። ዓሣው አጥንት በዛበት፣ ቡናው ቀጠነ፣ ሰዉ ራቁቱን ነው፣ እያለች። አንድ ቀን ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃው ውስጥ ገብታ ብዙ ቆመች፤ ስጠጋት ግን «ቀዝቃዛ ነው» ብላ ወጣች። ከሸኘኋት በኋላ መንገዴን ቀጥዬ ሴቪያ፣ ከዚያም ግራናዳ ገባሁ፣ እንደልቤ ብቻዬን።

ለንደን ስመለስ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዳራሽ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ስለ መዳንሽ ምስክርነት ስጪ ተባልኩ። ተነሣሁ። «አልታመምኩም ነበር» አልኩ። «ጆሮዬን ኩክ ደፍኖት ነው። የሄድኩት ለሽርሽር ነው።»

እልልታው አዳራሹን ሞላው። «ትሕትናዋን እዩልኝ!» አለች አንዷ። ጓደኛዬ የፊት ወንበር ላይ እንባዋን ትጠርጋለች፤ እውነቱን አውቃ።

ቆይቼ ጥግ ይዣት «ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ለኩክ ነው የሰገዳችሁት ልበላቸው? ይገድሉኛል! ደግሞስ ዳነች ቢሉሽ ምን ትጎጃለሽ?»

ከዚያ ወዲህ እግሬ ላይ ወድቃ የታረቀችኝ ሴት ይቅርታዋን ልትመልስ የፈለገች ይመስል ሳታየኝ ማለፍ ጀምራለች። ሌሎቹ ባሕሩ ለወገብ ይሆን እንደሆን ይጠይቁኛል። ባለፈው ደግሞ አንዷ ሰሐን እያጠብን ሳለ ዙሪያዋን አይታ ተጠጋችኝ።

«ምግብ ቤት ብቻዬን ብገባ፣ ሰው አያየኝም?»

«ማንም አያይሽም።»

«ማንም?» አለችና ሰሐኑን እንደያዘች ቀረች። ቅር ያላት መሰለኝ።