«አስፈጽምለት»

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ታቅፋ ጌም ስትጫወት ድንገት «አባዬ፣ ቶሎ በል፣ የቱን ልምረጥ?» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃላት ቆመዋል፤ ከሥራቸው ቀይ መስመር እያጠረ ይሄዳል። መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ እሷው መርጣ ጨረሰች። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። አርባ ዓመት አልፎት በልጅ ጌም የሚርበተበት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ቡራዩ አሥረኛ ክፍል ሳለን ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አባቱ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ያን ክረምት ያሳለፍነው ኦቦ ደበሌ ጌም ቤት ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ የጌሙ ድምፅ ስለማይሰማ ታሪኩን ከጽሑፉ ማንበብ ግድ ነበር። ከድር ይጫወታል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሰፈሩ «ቲቸር» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ስለጣመኝ የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከሆዴ እየፈጠርኩ እሞላው ጀመር።

ጌሙ ሦስት ገቢር ነበረው። በመጀመሪያው ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው ቤት ይወጣሉ፤ በሁለተኛው ታላቁ ታናሹን ይከዳዋል፤ ሦስተኛው ተጫዋቹ በመረጠው ይወሰናል። ዛሬ ሰበታ ውስጥ ተውኔት ሳስተምር፣ ተመልካች ወንበሩ ላይ ሆኖ እንባውን ቢያፈስም መጨረሻውን መለወጥ አይችልም እላለሁ። ተማሪዎቼ ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ እንደ ዕረፍት ነው የማየው።

ከድር ነገሩን እንደ ጨዋታ አልያዘውም። ታላቅ ወንድሙ ጀማል ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ሱሉልታ ብሎኬት ማምረቻ ገብቶ ነበር። እናታቸው ሄደህ ለምነህ አምጣው ይሉታል፣ እሱ ዛሬ ነገ ይላል። በኋላ ጀማል እሑድ ጠቅልሎ ወደ ሞያሌ ሊሄድ መሆኑ ተሰማ። ሐሙስ ዕለት ትኩስ ሳንቡሳ እየገመጥን፣ ጭቃውን እየዘለልን ወደ ጌም ቤት ስንሄድ ከድር፣ «እነዚህ የጌሙ ወንድማማቾች ከታረቁ ቅዳሜ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ካልታረቁ ገድ የለኝም ማለት ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ገቢር ማብቂያ ላይ ታላቅየው ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ። ታናሹ ሰይፍ ይዞ ቆሟል። ሁለት ቃል መጣ፤ ከላይ «ስፔር»፣ ከታች «ኤክሴኪዩት»። ቀዩ መስመር ማጠር ጀመረ። ስፔር እኛ ጋ የመኪና መለዋወጫ ነው፤ እንግዲህ በሌላ ቀይረው ማለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ኤክሴኪዩትን ደግሞ የሥነ ዜጋ መምህራችን ስለ ሥራ አስፈጻሚ ሲያስተምሩ ጠቅሰውታል። ሰውየው እየለመነ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ይፈጸምለት።

«የታችኛው አስፈጽምለት ነው የሚለው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቲቸር አይደለሁ እንዴ?» አልኩት።

ተጫነው። ሰይፉ ወረደ።

ጌሙ ራሱ መዝግቦ ቀጠለ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ታናሹ በባዶ መንገድ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ከድር ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወጣ። ኦቦ ደበሌ «ኢጆሌ፣ ሰዓታችሁ መች አለቀ?» ሲሉ እሱ ደጁን አልፎ ነበር።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ የላይኛው «ማረው»፣ የታችኛው «ግደለው» ኖሯል። ዓርብ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ዓርብ አፌ ተሳሰረ። ቅዳሜ ጠዋት ከድርን ላለማግኘት ገፈርሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ ባሕር ዛፉ ሥር ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ፈሪ ነበርኩ። ከድር ሱሉልታ አልሄደም፤ እሑድ ጀማል ወደ ሞያሌ ሄደ። እስከ ዛሬ በዓመት አንዴ ለኢድ ይመጣል፤ እንደ እንግዳ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል።

ልጄ ባስደነገጠችኝ ማግስት ከድር ሱቅ ሄጄ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን ዘረገፍኩለት። እሱ ጨርቅ ማጠፉን አላቆመም።

«ሰይፍ ይዞ ቆሞ ምን ሊያስፈጽምለት ነው?» አለኝ። «ገብቶኝ ነበር እኮ። ጀማል ጥሎን ስለሄደ ተናድጄበት ነበር። አንተ ምክንያት ሰጠኸኝ፤ የተጫንኩት ግን እኔ ነኝ።»

እፎይ ልል ነበር፤ አልሆነልኝም። ዓርብ ተናግሬ ቢሆን ያን ምክንያት ባሳጣሁት ነበር። ምናልባት ቅዳሜ ይሄድ ነበር።

ከድር የመጨረሻውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አኖረና ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ብንምረው ኖሮ ሦስተኛው ገቢር እንዴት ነበር የሚያልቀው?»

«አላውቅም» አልኩት። ለከድር ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።