ከሥዕሏ ጀርባ ያለው መስታወት

መኪና ስሳፈር፣ ከመቀመጤ በፊት የፊት መስታወቱን በጥፍሬ ጫር ጫር የማድረግ አመል አለኝ። ሾፌሮች ይስቁብኛል። አንዱማ ባለፈው "አባቴ፣ ሊገዙት ነው እንዴ?" ብሎኛል። እኔ ግን አያስቀኝም። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የመኪና ቴክኒክ መርማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ መስታወት በጥፍሬ ሳልዳስስ አሳለፍኩና ሰው ሞተብኝ። ይህን ጽፌው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን የነገርኳቸው ግማሹን ብቻ ነው።

ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ይደረግ ነበር። ፍሬን አያለሁ፣ መሪ አያለሁ፣ ጎማ አያለሁ። ነፍሴ ያለችው ግን መስታወት ላይ ነበር። ጉና ላይ ጉም ሲወርድ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ደንቡም ግልጽ ነበር፦ በሾፌሩ ፊት ያለው መስታወት ስንጥቅ አይኑርበት፤ የዝናብ መጥረጊያው ሳይዘል ይጥረግ፤ የጎኑ መስታወት ወርዶ ይውጣ፤ በሾፌሩ ዓይን ፊት ምንም ነገር አይለጠፍ። ስንጥቅ የተገኘበት መኪና መስታወቱ እስኪቀየር ይቆማል።

መስታወቱ ከየት ይመጣል? ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መለዋወጫ የሚባል ነገር ከአገር ጠፍቶ ነበር። አንድ ዓመት አንድ ጥንድ የዝናብ መጥረጊያ በአምስት መኪና ላይ አይቻለሁ። ክንዱ ላይ ቀይ ሽቦ ስለተጠመጠመበት አልጠፋኝም። አንዱ መኪና አልፎ ዞር ሲል መጥረጊያው ይነቀልና ከወረፋው ኋላ ላለው ይገጠማል። አምስተኛው ላይ ሳገኘው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። "ይህ መጥረጊያ ዛሬ ደክሞታል፤ አሳርፉት" ብያቸው ፈረምኩ። ሌሎቹ ደግሞ ሽንኩርት ገምሰው መስታወቱን ያሹታል፤ ዝናቡ አይዝም ይላሉ። በምርመራ ቀን ሽንኩርት ሽንኩርት ስሸት ነው ወደ ቤቴ የምገባው። እያዩ እንዳላዩ ማለፍ የዘመኑ ሙያ ነበር፤ ከመስታወት የባሰ ስንት ነገር እያየን እንዳላየን አልፈናል።

አንድ ነገር ላይ ግን እያየሁ ማለፍ አልቻልኩም ነበር። ያ ሰው ከሞተብኝ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ካድሬ ምርመራውን ሊከታተል ሜዳው ላይ ተገኘ። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲዞር ቆየና አንድ አውቶቡስ ፊት ቆመ። መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል።

"ጓድ መርማሪ፣ ደንቡ ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይለጠፍም ይላል።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ፋቀው!"

ምላጭ አውጥቼ ፋቅሁ። በደንብ የተለጠፈ ወረቀት ነበርና ቶሎ አልለቀቀም፤ እየተቀደደ ነው የወጣው። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ያዩኛል። አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ ሰማሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበርና የሰኔ ጾም እስኪፈታ ድረስ መስቀል አላሳለሙኝም። ለመሳለም ጎንበስ ስል መስቀሉን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ይመልሱታል። ደንቡ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የተናገረው አፍ ግን ደንቡን አስጠላኝ። ከዚያ በኋላ ሥዕል ያለበት መስታወት ላይ እጄን አላነሳም ብዬ ማልኩ።

በዓመቱ ካድሬው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ከወረፋው መካከል አንድ ሽማግሌ ሾፌር መኪናቸውን አምጥተው አቆሙ። ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ እህል የሚያመላልሱ፣ ጭምት፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ገበሬ ሳይጭኑ የማያልፉ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከመሪው ፊት ለፊት የደብተር ገጽ የሚያህል የማርያም ሥዕል ከውስጥ በኩል ተለጥፏል። አምና አልነበረም።

ፓራውልቱ፣ የፊት መከላከያው ብረት ላይ ወጣሁ። ከውጭ የሚታየኝ የወረቀቱ ነጭ ጀርባ ነው። እሱ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ የሄደ ቀጭን መስመር አየሁ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ኖሮ የእጥፋቱ ምልክት ነው አልኩ በልቤ። ውሃ ደፍቼ መጥረጊያውን አስነሳሁ። ሄደ፤ መጣ፤ ሥዕሏ ጋ ሲደርስ ነጠር አለ። ጎማው አርጅቷል አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ጣቴን ዘረጋሁ። ዓይን እጥፋት ነው ያለውን ጥፍር ስንጥቅ ነው ብሎ ያጋልጠዋል፤ የእኔ ሙያ እሱ ነበር። ጣቴ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ስንጥቅ ሆኖ ባገኘው እንደገና ምላጭ ላወጣ ነው። ሰዉ እንደገና ከብቦ ሊያየኝ ነው። ካልነካሁት ግን አላወቅሁም፤ ካላወቅሁም አልፍቅም። እጄን መለስኩ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከታች ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። ወርጄ ፈረምኩላቸው። "እግዜር ይስጥህ ልጄ" ብለው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ራሴን እንደ ጀግና ነበር የቆጠርኩት። አባቴም ይህን ባዩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት የትራፊክ ፖሊሱ ቢሮዬ መጣ። ከገሳይ ወዲያ፣ ጉና ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ትናንት ገደል ገብቷልና የቴክኒክ ሪፖርት ያስፈልጋል አለኝ። የማን እንደሆነ ስጠይቀው ነገረኝ። መንገዱን ሙሉ ከእሱ ጋር የተነጋገርነው ነገር ትዝ አይለኝም።

አደጋውን በዓይኑ ያየ አንድ ገበሬ እዚያው ቆሞ ጠበቀን። ከበረዶው ሸሽቶ ከመንገዱ ዳር ካለ ቋጥኝ ሥር ተጠልሎ ነበር።

"በረዶው ድንጋይ ነበር የሚመስል" አለን። "መኪናዋ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ነበር የምትወርድ። እሳቸውም ዳር ሊይዙ ነበር መሰል። ድንገት መስታወቱ ወደ ውስጥ ገባ። በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ያዙ። ከዚያማ መሪውን ማን ይያዝ?"

ወደ ታች ወረድን። መኪናው በጎኑ ተጋድሟል። አስከሬኑን የአካባቢው ሰው ቀድሞ አውጥቶታል። የመስታወት ስብርባሪ ጋቢናው ውስጥም፣ ሣሩ ላይም ተበትኗል። ሥዕሏን ከመቀመጫው ሥር አገኘኋት። በዱቄት ሙጫ ስለተለጠፈች ከጀርባዋ ያለው መስታወት ሳይበተን እንደያዘችው ነበር። ገለበጥኳት። አዲስ ስብራት እንደ ስኳር ነጭ ነው፤ የከረመ ስንጥቅ ግን አቧራና ቅባት ገብቶበት ይጠቁራል። ከጥግ ወደ ጥግ የሄደው መስመር ጥቁር ነበር። አሁን ጥፍሬን አሳለፍኩበት። ያዘው።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝና እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ሥዕሏ የነበረችው ከውስጥ ነው። እኔ የቆምኩት ከውጭ ነበር። ብዳስሰው ኖሮ ጣቴ የሚነካው መስታወቱን ነው፤ እሷን አይነካትም ነበር። ስንጥቁን ባገኝ እንኳ መኪናውን አቁሜ ሥዕሏን ሳልነካ መስታወቱ ይቀየር ማለት እችል ነበር። መፋቅ የሚባል ነገር ማን ጠየቀኝ? ምላጩ ያለው በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

ፖሊሱ ከላይ ሆኖ "ምክንያቱን ምን ልበል?" ብሎ ጮኸ።

"በረዶ ብለህ ጻፍ" አልኩት።

ገበሬው ሥዕሏን ተቀበለኝና ተሳልሞ ለደብራችን እሰጣታለሁ አለ። ከነስንጥቁ ይዟት ሄደ፤ አልከለከልኩትም። እንዲያውም ከዓይኔ ስለራቀችልኝ ደስ አለኝ፤ ይህንንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጠላኝ፤ እኔም ጠላሁት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ የማንም መኪና ይሁን፣ የመጥረጊያ ድምፅ ስሰማ ቆሜ አዳምጣለሁ። ይሄዳል፤ ይመጣል። መሀል ላይ ነጠር የሚልበትን ቦታ እጠብቃለሁ። ደህና መጥረጊያ ሲሆን እንኳ ጆሮዬ ነጠር ያደርገዋል። አንዳንዴ ጉም ውስጥ የሚመጣ መኪና ሲያልፈኝ ከመስታወቱ ጀርባ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሰው ቀና ብለው ሲያዩኝ አያለሁ። ሌላ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን አይረዳኝም።

የሽማግሌው አርባ ከወጣ በኋላ ሚስታቸው ቢሮዬ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ከሲታ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ከወንበሬ ተነሣሁ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ።"

"አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ" አሉኝ። "መስታወቱ ስንጥቅ ነበረበት።"

ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን መዝገብ ዘጋሁት።

"መጋቢት ላይ ጠጠር መታው። ሌላ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣ። ሥዕሏን የለጠፍኳት እኔ ነኝ፤ በዚች እጄ። እሷ ትይዝልሃለች አልኩት። እሱ ግን ሆዱ አላረፈም። 'ምርመራ ቀን መርማሪው ልጅ ያየዋል። አይሆንም ካለኝ ክረምቱን አቆማታለሁ' ይለኝ ነበር። ራሱ አፍ አውጥቶ ሊጠይቅህ አፈረ። ያን ቀን ደስ ብሎት ገባ። 'ከላይ ወጥቶ ቀረብ ብሎ አየው፤ ጣቱን ሁሉ ዘርግቶ አየው፤ አይቶ አሳለፈኝ' አለኝ። እህል ቀምሶ ተኛ። ያን ያህል ቀን ሳይተኛ ከርሞ።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

"እውነቱን ንገረኝ ልጄ" አሉ። "አይተኸው ነበር?"

አላየሁትም ብላቸው ለምን ይሉኛል። ለምን ሲሉኝ የምሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ሥዕሏ ስለነበረች። ያችን ሥዕል የለጠፈችው ደግሞ አሁን ፊት ለፊቴ ያለችው እጅ ናት። ይህን ይዘው ወደዚያ ባዶ ቤት ሊገቡ ነው።

"አይቼው ነበር" አልኳቸው። "ይይዛል ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ፣ እትዬ።"

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

"አንተስ ምን ታደርግ፤ የምታውቀውን ያህል አይተሃል" አሉኝ። "እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ።"

"አሜን" አልኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ፈቱኝ፤ የፈቱኝ ግን አይቼ ስለተሳሳትኩት ነው። እኔ አላየሁትም ነበር።