ሙሴው ሥልጣኑን ሲያስረክቡ

ከመርሳ ከፍ ብላ ባለችው መንደር የሚካኤል ጽዋ ማኅበር መሪ እንደ ደንቡ «ሙሴ» ይባላል። አቶ ሲሳይ ሙሴ የሆኑት ገና ጢማቸው ሳይሸብት ነው። የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ተረኛው ድግሱ ሲያቅተው ከራሳቸው ጎተራ ሲያሟሉ ኖሩ፤ ጦርነቱ መንደሩን በበተነ ጊዜም ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ተሰደዱ። ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ተተኪ ፈልጉ» አሉ።

ማኅበርተኛው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ያሬድን አለ። ያሬድ ሲሪንቃ ከእርሻ ምርምሩ ግቢ በቀን ሥራ የሚውል፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ አቶ ሲሳይም በልባቸው የመረጡት እሱን ነበር። ግማሹ ሄኖክን አለ። ሄኖክ ከሐራ እህል እየጫነ ወልድያ የሚያራግፍ ነጋዴ ነው፤ እጁ የተፈታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ዛሬ አለሁ ብሎ ነገ የሚጠፋ። ክርክሩ ሲከር ሙሴው፣ «በሉ ዕጣ ይጣል። የወጣለት እግዜር የሾመው ነውና ማንም እንዳያጉረመርም» ብለው ሁሉንም ቃል አስገቡ። ራሳቸውም ቃል ገቡ።

ተራው የእሳቸው ስለነበር ዕጣው የተጣለው በቤታቸው ነው። አቶ ሲሳይ ወደ ግድግዳ ዞረው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ያሬድና ሄኖክ በጀርባቸው በኩል ጭራሮ ጭራሮ ሰብረው ነጠላ ውስጥ ጨመሩ። ነጠላው ቀረበላቸውና እጃቸውን ሰደዱ።

መከራው የመጣው ይሄኔ ነው። ጣታቸው የነካው ጭራሮ ተልጦ ጫፉ የተስተካከለ ነበር። ወዲያው የማን እንደሆነ አወቁ። ያሬድ እንጨት ከያዘ ሳይልጥ አያስቀምጥም፤ ሞኝ፣ ዕጣውን እንኳ አሳምሮ ጨመረው! ሌላው ከነቅርፊቱ በጥድፊያ የተገነጠለ ነው። የተላጠውን ቢያወጡ ማንም አያውቅባቸውም፣ ማኅበሩም ዳነ ማለት ነው። ግን መራጩ እግዜር ሳይሆን እሳቸው ሊሆኑ ነው። እጃቸውን ባዶውን መለሱ።

«እኔ አላወጣም። አሰለፈች ትምጣ» አሉ።

ባለቤታቸው አሰለፈች ምንም ያላየች፣ ምንም ያልሰማች፣ ከጓዳ እጇን እየጠረገች መጣች። አወጣች። የሄኖክ ሆነ።

አቶ ሲሳይ ጽዋውን አስረከቡት፣ ግንባሩን ስመው መረቁት። ሄኖክም እንባው መጣ፤ የምሩን ነበር። በመጀመሪያው ወር መጣ። በሁለተኛው ዘገየ። ከዚያ ወዲያ ጽዋው ወልድያ ቤቱ ተቆልፎበት ቀረ። ማኅበርተኛው እየተኮራረፈ፣ አንዱ ለአንዱ ለቅሶ እንኳ መድረስ እየተወ ነው።

ዛሬ የሚካኤል ዕለት ያሬድና ጥቂት ማኅበርተኞች መጡ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከጠሩን ሁላችንም እንሰበሰባለን። ዕጣው ልክ አልነበረም ይበሉና ይመለሱ» አለ ያሬድ።

«እግዜር የሰጠውን እኔ ልቀማ?» አሉና ጽዋውን ይዞ እንዲመጣ ሄኖክ ዘንድ ደወሉ።

«እሺ ጋሼ፣ ጭነት ይዞኝ ነው፤ ለሚመጣው ወር ሚካኤል ያውቃል!» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አቶ ሲሳይ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ጌታዬ፣ አንተ በሾምከው ላይ እጄን አላነሳሁም። እነዚህ ግን እየተበተኑብህ ነው። ምን ላድርግ?» አሉ። ጠበቁ። ምንም አልመጣላቸውም።

አሰለፈች ከበሩ ስር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። ይቺ እጄ በተቆረጠች!»

«ተይ እንጂ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? የመረጠው እግዜር ነው» አሏት።

ድሮ ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ይሞላ ነበር። ዛሬ ያሉት እሷን ለማባበል ብቻ መሆኑን ሲያውቁት፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው አለቀሱ።