ሰባት ቤት ለመቁጠር፣ ከሃያ ሁለት እስከ ቦሌ

ንጋት፣ ሃያ ሁለት

ጎህ ሲቀድ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ደክሟል። ካፌዎቹ ወንበር ያወጣሉ፣ ጠራጊዎቹ አቧራውን ወደ እኛ ይልካሉ። ኦሎምፒያ የነበረውን የቢሮ ሥራዬን ትቼ የሰው የዘር ሐረግ ፈላጊ ከሆንኩ ወዲህ ኑሮዬ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ከቤቱ ሳይወጣ ለመድረስ መሮጥ።

የዛሬ ደንበኞቼ ትዕግስትና ያሬድ ናቸው። ተጫጭተዋል፣ አዳራሽም ተይዟል። የትዕግስት አባት ጋሽ መኮንን ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌላቸው ካልተረጋገጠ አልመርቅም ብለዋል። እኔ ስቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ ሐረጋቸው ገጠመ፤ ወንድይራድ የሚባሉ የቡልጋ ሰው የሁለቱም የሩቅ አያት ሆነው አገኘኋቸው። ለልጆቹ ብቻ ነገርኳቸው። ትዕግስት አልቅሳ "እትዬ፣ እባክዎ ሌላ ሰው ይጠይቁልን" አለችኝ።

ጋቢና ገባሁ።

"ምንድነው የምትሠሪው?" አለኝ ሾፌሩ።

"የሰው ዘር እቆጥራለሁ።"

"ኧረ በፈጠረሽ! እሱን የሚቆጥር አነሰን?"

"የጎሳ አይደለም ወንድሜ፣ የአያት የቅድመ አያት ነው።"

"ቢሆንም ባይነካካ ይሻላል" አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ረፋድ፣ ጉርድ ሾላ

መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ጧቱን በላብን። አባባ ተሰማ የያሬድ አያት ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ቁርስ እንዳልበላሁ ገብቷቸው ፍርፍር አስቀረቡልኝ።

"አያትዎ ሀብቴ የወንድይራድ ልጅ ናቸው አይደል?" አልኩ።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ሠርጉ ሊቀር ነው፣ አባባ።"

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ሀብቴ የጡት ልጅ ነው" አሉ። "ወላጆቹ በበሽታ አለቁበት። ወንድይራድ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡት። ልጄ ነው፣ ይህን የሚክድ አይባረክ ብለው ቤተሰቡን አስማሉ። ከዚያ ወዲህ በአፉ ያነሳው የለም።"

በደም አይገናኙም ማለት ነው! መጥተው ለጋሽ መኮንን እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

"አያቴን ከወንድይራድ ቤት ላስወጣው?" አሉ።

የያሬድን ስም ደጋግሜ ጠራሁ። ለልጁ ሲሉ ከዘራቸውን አነሱ።

ቀትር፣ ወደ ቦሌ

መንገዱ ተቆፍሯል፤ መኪናው ሲነጥር አባባ ተሰማ የፊቱን ወንበር ጨብጠው ይይዛሉ።

"ዛሬ አባት የሌለው ልታደርጊኝ ነው የምትወስጂኝ" አሉኝ አንዴ።

ከሰዓት፣ ቦሌ

ጋሽ መኮንን ቤት ምሳ ተዘጋጅቷል። ትዕግስትና ያሬድ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኔን እኔን ያያሉ። አባባ ተሰማ አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ።

"አያቴ ሀብቴ የጡት ልጅ ነው። ወንድይራድ ልጄ ነው ብለው አስማሉለት እንጂ አልወለዱትም። ልጆቹ ዝምድና የላቸውም።"

ጋሽ መኮንን ተነሱ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ።

"ማን ነው ከቤታችን ያስወጣዎት? አባቶቻችን ልጃችን ብለው የማሉለትን እኔ ለሠርግ ብዬ ባዳ ላድርገው? የጡት ልጅ ልጅ ነው። እርስዎም አጎቴ ነዎት።"

አባባ ተሰማ አለቀሱ፤ እፎይ ያሉም ይመስሉ ነበር። በእኛ ልማድ የጡት ልጅ ከተወለደው እንደማይለይ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ፤ ዛሬ ግን ሠርጉን ለማዳን ስሯሯጥ ደሙን ብቻ ቆጠርኩ። ሥራዬን ጠላሁት።

"እኛስ?" አለ ያሬድ።

ጋሽ መኮንን ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ተነሺ፣ እንግዶቹን አስታጥቢ። ከአጎቴ ጀምሪ፣ ከዚያ ወንድምሽን።"

ትዕግስት ማስታጠቢያውንና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ለአባባ ተሰማ አፈሰሰች። ከዚያ ያሬድ ፊት ቆመች። ውሃው ካለቀም በኋላ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቀረች፤ እሱም እጁን አልሰበሰበም።